ሐሙስና ሰኞ

በሚያዝያ ሽንፋ ውስጥ ቤት ዘግቶ የሚተኛ የለም። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይተፋዋል። ስለዚህ ሲመሽ አልጋው ወደ ግቢ ይወጣል፤ ጨዋታውም አብሮት ይወጣል። እዚሁ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ የተውኔት ክበቡንም የያዝኩት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ተማሪዎቼ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ አንድ ተውኔት ጽፈው አመጡልኝ። ቋራ ጎረቤታችን ስለሆነች ንጉሡን እንደ ሥጋ ዘመድ ነው የሚያዩት። ደብተሩን በልጅነቴ ላስተማሩኝ መምህር አስቀድሜ ልኬላቸው ነበር። ከቅኔ ቤት ወጥተው አስተማሪ የሆኑ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ፣ ለሽምግልናም የሚጠሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ማታ ስሄድ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ደብተሩን በእጅ ባትሪ እያዩ ነበር። ከርከዴ ቀረበልኝ።

ጋሼ፦ አነበብኩት። ልጆቹ ቋንቋ አላቸው፤ እግዜር ይባርካቸው። ግን ይሄ ተውኔት አይደለም፣ ሙሾ ነው።

እኔ፦ ሙሾ ሲሉ?

ጋሼ፦ ሟችን ማንሳት፣ ገዳይን መርገም። አልንቀውም፤ ሙሾ ክቡር ነገር ነው። ግን አልቃሽ የሟቹን ጥፋት አታነሳም፤ ሥራዋም አይደለም። ትራጀዲ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ያንን ካላነሳ ሥራውን አልሠራም። እዚህ ደብተር ውስጥ የከዱ መኳንንት አሉ፣ ለደብዳቤ መልስ የነፈገች ንግሥት አለች፣ የናፒየር ጦር አለ። ቴዎድሮስ ግን የሠራው ነገር የለም። የተሠራበት ብቻ ነው።

እኔ፦ እኔም ይህንኑ ነግሬያቸው ነበር። አሪስቶትል ያለውን አስተማርኳቸው፤ ጀግናው የባሕርይ ጉድለት ይኑረው፣ በዚያ ይውደቅ አልኩ። ቁጣ ጨመሩለት። አራተኛው ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ይቆጣል።

ጋሼ፦ አይቼዋለሁ። ያበላሸባቸው «ጉድለት» የምትለው ቃል ናት፣ ልጄ። ጎዶሎ እንስራ ከመጀመሪያውም ያልሞላ ነው። እንዲህ ከሆነ ለምን እናለቅስለታለን? አሪስቶትል የጻፈው ሐማርቲያ ብሎ ነው፤ ቃሉም የቀስተኛ ቃል ነው። አነጣጥሮ፣ ወጥሮ፣ ለቅቆ፣ ዒላማውን ሲስት። እዚህ ቆላ ጠብመንጃ ያነሳ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ሳተ። ስህተት ከየት የመጣ ይመስልሻል? ከዚያው ነው።

እኔ፦ በግሪኩ አዲስ ኪዳንም ኃጢአት የሚባለው በዚሁ ቃል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጋሼ፦ ነው። የእኛ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ቅኔ ቤት ግስ ስንገስስ «ኀጥአ» ሁለት ፍቺ ነበረው፤ በደለ፣ አጣ። የዛሬው አማርኛ «አጣ» የእርሱ ልጅ ነው። ኃጢአትና ማጣት የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ይህን ያወቅሁ ቀን ልጅ ነበርኩ፤ ግሱን ትቼ ቀኑን ሙሉ ስለዚያ ነገር ሳስብ ዋልኩ፣ መምህሬም ገረፉኝ። አሁንም አልወጣልኝም። የበደለ ሰው ስታዪ «ምን ይዞ ነው?» አትበይ። «ምን አጥቶ ነው?» በይ።

እኔ፦ ከቀስተኛው ራቅን መሰለኝ።

ጋሼ፦ አልራቅንም። ቀስትማ እዚሁ ወንዛችን ዳር ነው። ሽንፋ ብለን የምንጠራው፣ ሱዳን ሲገባ ራሃድ የሚሉት ይሄ ውኃ፣ ዳርቻው ተቆፍሮ ነበር። ውጤቱ የታተመው በ2016 ዓ.ም. ነው። ከ74,000 ዓመት በፊት፣ ኢንዶኔዥያ ላይ ቶባ የሚባለው እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፣ እዚህ ሰዎች ነበሩ። ወንዙ በበጋ ሲቆራረጥ ከቀሩት ኩሬዎች ዓሣ እያወጡ ይበሉ ነበር። ትንንሽ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለቶችም ተገኝተዋል፤ ተመራማሪዎቹ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለዋል። ስሰማ የመጣብኝ ሐሳብ ምን መሰለሽ? እዚህ ዳር ስንቱ ቀስተኛ አነጣጥሮ ስቶ ይሆን፣ ስቶስ ማንን መታ የሚለው ነው። ዒላማውን የሳተ ቀስት የትም አይጠፋም፤ አንድ ነገር ላይ ያርፋል።

እኔ፦ ቴዎድሮስ ያነጣጠረውስ ግልጽ ነው። በመሳፍንት የተበጣጠሰችውን አገር አንድ ማድረግ፣ ለወታደር ደመወዝ መክፈል፣ መድፍ መሥራት።

ጋሼ፦ መድፉ ከየት እንደመጣ ልጆቹን ጠይቂያቸው። ከዚሁ ቆላ ነው! በ1840 ዓ.ም. ገና ካሳ ሳለ ወደ ሱዳን ዘልቆ ደባርቂ ላይ ከግብፆች ጋር ተዋጋ። ጀግንነት ሞልቶት ነበር፤ መድፍና ሥርዓት ያለው ጦር ግን መለሰው። ያ ቀን አልለቀቀውም። የካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ሲነግሥም፣ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን መድፍ ሲያሠራም፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሰው ትከሻና በገመድ ተራራ ለተራራ እስከ መቅደላ ሲያስጎትትም ያ ሽንፈት አብሮት ነበር። ዒላማው ትክክል ነበር እላለሁ። ይህን ስል በቁም ነገር ነው። ትራጀዲ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ዒላማው ርካሽ ቢሆን ኖሮ የወንጀል ታሪክ ብቻ በሆነ።

እኔ፦ ታዲያ ምን አጣ?

ጋሼ፦ ተው የሚለው ሰው።

እኔ፦ እስቲ ይንገሩኝ።

ጋሼ፦ ቁጠሪ። እቴጌ ተዋበች በ1850 ሞተች። የራስ አሊ ልጅ ናት፤ የጠላቱ ልጅ ሆና ከባሏ ጋር የቆመች፣ ሲቆጣ ፊቱ የምትገባ ነበረች ይላሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ቆንስሉ ፕላውደን ተገደለ፤ ብዙ ሳይቆይ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ፣ ማለት እንግሊዛዊው ጆን ቤል፣ ለንጉሡ ሲዋጋ ወደቀ። አቡነ ሰላማን ራሱ አሰራቸው፤ እስር ላይ ሞቱ። አየሽ፣ ሦስቱን ሞት ወሰደበት፣ አንዱን ግን አፉን የዘጋው ራሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ተመልከቺ፤ በ1856 ቆንስል ካሜሮንን አሰረ፣ በ1859 ጎንደርን አቃጠለ። ጎንደርን! አብያተ ክርስቲያናቱን ዘርፎ። ቁጣው ድሮም ነበር። ድሮ ግን ቁጣው ፊት የሚቆም ሰው ነበር።

እኔ፦ እንግዲያ የባሕርይ ጉድለት የሚባለው ነገር የአንድ ሰው ብቻ አይደለም እያሉኝ ነው። በዙሪያው ያለው ሰውም ነው።

ጋሼ፦ ግሪኮቹ እኮ ለዚህ ነው መድረኩ ላይ ሽማግሌዎች ያቆሙት። መዘምራኑን ማለቴ ነው። ሶፎክልስ አንቲጎኔ ላይ የቴብስን ሽማግሌዎች ነው ያቆመው። ንጉሡ ክሬዎን የአንቲጎኔ ወንድም ሬሳ እንዳይቀበር ያዝዛል፣ እርሷ ትቀብራለች፣ ሞት ይፈርድባታል። ከዚያ ተው የሚሉት ይመጣሉ። ልጁ ሄሞን በትሕትና ይመጣል፤ ክሬዎን ልጅ ያስተምረኛል ወይ ይላል። ዓይነ ስውሩ ነቢይ ይመጣል፤ ገንዘብ በልተሃል ይለዋል። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ፍታት ሲሉት እሺ ይላል። ግን ያኔ ሬሳውን ለመቅበር አስቀደመ፣ ልጅቱ ታንቃ ቆየችው። እሺ ማለቱ ዘግይቶ ነው።

እኔ፦ ኦቴሎም እንዲሁ ነው። ፀጋዬ ገብረ መድኅን በተረጎመው ሳነበው ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ፣ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢናገር የሚቆም ነገር መሆኑ ነው። ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር አይዋጥልኝም። አንቲጎኔንስ ተዪ ያላት የለም? እኅቷ ኢስሜን አላለችም?

ጋሼ፦ ብላታለች።

እኔ፦ አልሰማችም። እኛ ደግሞ ባለመስማቷ ነው የምንወዳት። አቡነ ጴጥሮስንም ጣልያኖቹ አርበኞቹን አውግዙ፣ ሕዝቡ እንዲገዛ ስበኩ አሏቸው፤ እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ተረሸኑ። ፀጋዬ «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ብሎ የጻፈው ስለዚያ ሰዓት ነው። ተው ሲባሉ ቢተዉ ኖሮ ዛሬ ሐውልት ባልቆመላቸው። ታዲያ ተው የሚለው ቃል መቼ ነው እውነት፣ መቼ ነው ፍርሃት?

ጋሼ ዝም አሉ። ባትሪውን አጠፉት። ከወዲያኛው ግቢ አህያ ያናፋል።

ጋሼ፦ በሽምግልና ስቀመጥ የምመዝንበት አንድ ነገር አለ። እምቢ ያለው ሰው ዋጋውን የሚከፍለው በማን ነው እላለሁ። ጴጥሮስ በራሳቸው ሥጋ ከፈሉ። ክሬዎን በሰው ልጅ ሕይወት ሊከፍል ነበር፤ በኋላ በገዛ ልጁ ከፈለ።

እኔ፦ አንቲጎኔስ? ሄሞን እኮ እጮኛዋ ነው፤ ሬሳዋ ላይ ነው ራሱን የወጋው። እናቱም ተከተለች።

ጋሼ፦ እርሱን የገደለው ክሬዎን... አይ፣ ልክ ነሽ። እርሷም ሞቷን ብቻዋን አልሞተችውም። መመዘኛዬ ሙሉ አይደለም። ግን ከምንም ይሻላል፤ እስካሁን ብዙ ቦታ ረድቶኛል።

እኔ፦ መተማስ ላይ ይሠራል? ከተማዋን መተማ ዮሐንስ ያሰኛት ንጉሥ፣ ዐፄ ዮሐንስ፣ ምን ቢያደርግ ይሻል ነበር?

ጋሼ፦ ያ ሌላ ዓይነት ነው፤ እኔ ከቴዎድሮስ ጋር አላጋባውም። ጥር 1880 ላይ ደርቡሾች ሳር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አሸንፈው ጎንደርን አቃጠሉ። ምጽዋ ከ1877 ጀምሮ በጣልያን እጅ ነው። ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት ተመካክረውበታል። ሦስት እሳት በአንድ ጊዜ። ወደ ባሕሩ ቢዞር የተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን ይጮኻል፤ ወደ መተማ ቢወርድ ጣልያን ከኋላው ይገባል። የቱንም ቢመርጥ አንዱን ግዴታ ይክዳል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ተው የሚል ሽማግሌ ራሱ ምን ተው ይላል? ጀርመናዊው ሄግል አንቲጎኔን ያነበበው በዚህ መንገድ ነው፤ ሁለቱም እውነት ይዘው ተፋጠጡ ብሎ። እኔ አንቲጎኔ ላይ አልስማማውም፤ መተማ ላይ ግን ይሠራልኛል።

እኔ፦ ጥፋት አልነበረበትም?

ጋሼ፦ ነበረበት እንጂ! ጎጃም ላይ። ወደ መተማ ከመውረዱ በፊት ተክለ ሃይማኖትን ለመቅጣት ብሎ የገበሬውን አገር አጠፋ። የሳተው ቀስት ያረፈው እዚያ ነው። ለደርቡሹ አዛዥ ለአቡ አንጃ ግን የሰላም ደብዳቤ ጽፎለት ነበር፤ አቡ አንጃ በስድብ መለሰ፣ ጦርነቱንም ሳያይ በበሽታ ሞተ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ንጉሡ ድሉ በእጁ ሊገባ ሲል በጥይት ተመታ። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ጎጃም ላይ እሺ ብሎ ሰላም ያላወረደ ሰው ለአቡ አንጃ ሰላም መጻፉ ነው። ለባዕድ የታየው ለወገን አልታየም። አንድ ቀን ይህን የምትጽፊው አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኛል።

እኔ፦ ወደ ልጆቹ ልመልስዎ። ነገ ምን ልበላቸው?

ጋሼ፦ ተውኔታቸው የሚጀምረው መቼ ነው?

እኔ፦ ሰኞ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860። ሽጉጡን ሲያነሳ ይጀምርና ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከዚያ እዚያው ይመለሳል።

ጋሼ፦ ሐሙስስ?

እኔ፦ የቱ ሐሙስ?

ጋሼ፦ ይኸውልሽ። አንቺም አላስታወስሽውም፤ ሁላችንም ሰኞን እንወዳለን። ቀኖቹን ተከተዪኝ። ሚያዝያ 2 ጸሎተ ሐሙስ ነበር። የዚያን ቀን መቅደላ ላይ ካሉት ኢትዮጵያውያን እስረኞች ብዙዎቹን ፈታ። የቀሩት ደግሞ ጮኹ። ጠጥቶ ነበር፤ ጩኸቱን ሰማ። ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ተቆርጠው፣ ወደ ገደል ተወርውረው አለቁ። ስማቸውን ማን ያውቃል? ስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ጦሩ ወረደ፤ ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቀ፣ ወደ 700 ሰው አለቀ። ቅዳሜ ለናፒየር ደብዳቤ አጻፈ፤ ሊሞት ሽጉጥ አነሳ፣ ያዙት። እሑድ ፋሲካ ነው፤ ላምና በግ ላከ፣ ለጦሩ ይታረድ ብሎ። ተቀበለህ አሉት። ታረቅን ብሎ አመነ፤ የቀሩትን ፈረንጆችም ሰደደ። ሰኞ ጠዋት ላሞቹ ወደ ሰፈሩ እንዳልገቡ ሰማ። ሰኞ፣ ማዕዶት፣ በንግሥቲቱ ስጦታ ሽጉጥ ራሱን አጠፋ።

እኔ፦ አሪስቶትል መገንዘብ የሚለው፣ ነገሩ የሚገለጥበት፣ ሰኞ ጠዋት ነው ማለት ነው፤ ላሞቹ።

ጋሼ፦ ላሞቹ። ከዚህ የበለጠ ማን ይፈጥራል? ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ፀጋዬም ቴዎድሮስን መድረክ ላይ ያወጡት ታሪኩ ራሱ እንዲህ ተሰናድቶ ስለቆያቸው ነው። አባትዬው ተክለ ሐዋርያት የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት በአውሬዎች አፍ ኮሜዲያ አድርገው ጻፉ፣ ልጅዬው ግርማቸው በ1942 የንጉሥ አወዳደቅ ጻፈ፤ ይሄ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ይሁን፤ ከነገሬ ወጣሁ። የምልሽ ይህ ነው፤ ሰኞ በራሱ ከፈለ፣ ሐሙስ በሰው ከፈለ። ሰኞን ብቻ ያየ ያለቅሳል። ሐሙስን ብቻ ያየ ይራገማል። ሁለቱን በአንድ ምሽት ያየ ሰው ግን ወደ ቤቱ ሲሄድ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። እኔ ያንን ዝምታ ነው የምፈልገው።

እኔ፦ ልጆቹ ይቀየሙኛል። ወላጅም ይመጣል። ጀግናችንን ነፍሰ ገዳይ አደረግሽው እባላለሁ።

ጋሼ፦ ትባያለሽ። አንቺ ግን ገደሉን አታሳዪያቸው። ገደሉ ዳር የቆመ ሰው አቁሚ። ተው ማለት የሚችል፣ ያላለ።

እኔ፦ እንዴት ያለ ሰው?

ጋሼ ብዙ ቆዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ወርዶ ነበር፤ አልጋው ላይ ጠጋ ብዬ ነው የሰማኋቸው።

ጋሼ፦ ወጣት አስተማሪ ሳለሁ፣ ጥቅምት ላይ ነው። ሰሊጥ ደርሷል። ሰሊጥ ቀን እንደማይሰጥ ታውቂያለሽ፤ ትንሽ ካለፈ ፍሬው ራሱን ከፍቶ ይረግፋል። ሳሉጎቹ፣ የአጨዳ ሠራተኞቹ፣ ከየአገሩ ገብተዋል፣ ሁሉም ሰው ማሳ ላይ ነው። አንድ ጎረቤቴ የነበረ ሰው፣ ወንድሙ ክረምት ላይ ተገድሎበታል፣ ማታ ቤቴ መጣ። ደብተር አምጣ፣ አንድ ነገር ጻፍልኝ አለኝ። ያለበትን ዕዳ አጻፈኝ። ለዚህ ሰው ይህን ያህል፣ ለሳሉጎቹ ይህን ያህል፣ ሰሊጡን ባለቤቴ ታሳጭደው። ገባኝ። በዚያ ሰሞን ሰሊጡን ትቶ የሚሄድ ሰው ምን ሊያደርግ ነው የሚሄደው? ለቀስተኞቹም እየፎከሩ፣ እየሸለሉ ነው የሰነበቱበት፤ ቀረርቶው እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

እኔ፦ አላሉትም?

ጋሼ፦ ልጅ ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ፣ የአገሩን ነገር ምን አገባኝ አልኩ። ፈሪ ይለኛል ብዬም ፈራሁ። እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎኝ ነበር። ነቀነቅኩት፣ ወረቀቱ ጥግ ላይ ጫርኩ ጫርኩት፣ ተነፈስኩበት። እርሱ እየጠበቀኝ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ፊቴን ያየኝ ነበር። አሁን ሳስበው አንድ ቃል ይጠብቅ የነበረ ይመስለኛል። ከዚያ ቀለሙ መጣ። ጻፍኩለት።

እኔ፦ ሄደ?

ጋሼ፦ ሄደ። ገዳዩን አላገኘውም፤ የገዳዩን ታናሽ ወንድም አገኘ። ከብት ያግድ የነበረ ልጅ ነው። ጎረቤቴም ወደ ሱዳን ተሻገረ፣ አልተመለሰም። ሚስቱ ያን ወረቀት ይዛ እየዞረች ዕዳውን ከፈለች። በእኔ እጅ ጽሕፈት የተጻፈውን። ሽምግልና በተጠራሁ ቁጥር እምቢ የማልለው ለዚያ ነው።

ምን እንደምል አላወቅሁም። ደብተሩን ከአልጋው ላይ አነሳሁና ባትሪውን አበራሁ። ቅዳሜ የሚለውን ገጽ ፈለግሁ፤ ልጆቹ ደብዳቤውን አንድ መሥመር ብቻ ሰጥተውታል።

እኔ፦ ጋሼ፣ የቅዳሜውን ደብዳቤ የጻፈ ጸሐፊ አለ አይደል? ሐሙስም ያ ሰው እዚያው ተራራ ላይ ነበር።

ጋሼ፦ ይኖራል። ንጉሥ ያለ ጸሐፊ አይሄድም።

እኔ፦ እርሱን ሐሙስ ገደሉ ዳር ላቁመው። ቅዳሜ ደግሞ ብርዕ ይዞ ይቀመጥ። ንጉሡ ሲናገር ይጽፋል።

ጋሼ፦ ምን ይላል?

እኔ፦ ምንም አይልም።

ጋሼ፦ እንግዲያው አንድ ነገር አድርጊልኝ። ቀለሙ ይድረቅበት። ቀንዱን ያዘንብለው፣ ይነቅንቀው፣ ጫፉን ምላሱ ላይ ያድርገው። ንጉሡም ዝም ብሎ ይይው። አታሳጥሪው። ሰዉ ወንበሩ ላይ መቀመጥ እስኪያቅተው ድረስ ይቆይ።